ሚዛኑን ማን ደበቀው? ስለ ኢንተርኔት ጨዋታና ስለ ስውር ነጥብ



የዛሬው ርዕሴ አንዳንዶቻችሁን ፈገግ፣ አንዳንዶቻችሁን ደግሞ ቆጣ እንደሚያደርጋችሁ እገምታለሁ። «አገር ስንት ጭንቅ ተሸክማ ሳለ ዶክተሩ ስለ ልጆች ጨዋታ ይጽፍልን ጀመር?» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። ወቀሳውን እቀበላለሁ። ነገር ግን አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ያሉትን ላስታውስ። ቁም ነገሩ የጠፋው ነገር ትልቅ ወይም ትንሽ መሆኑ ላይ ሳይሆን የተወሰደበት መንገድ ላይ ነው። እኔም ዛሬ የምሟገተው ስለ አንዲት ጭብጦ ነው። ይህች ጭብጦ ግን በዓለም ዙሪያ በሚሊዮን ከሚቆጠሩ ወጣቶች እጅ፣ በየምሽቱ፣ ባለቤቷ ሊያየው በማይችለው ሚዛን እየተመዘነች የምትሄድ ናት።

ክርክሬን በአጭሩ ላስቀምጥ፦ ሰውን የሚመዝን ሁሉ ሚዛኑን ለተመዛኙ የማሳየት ግዴታ አለበት። የጨዋታ ኩባንያዎች «ጨዋታ ነው» በሚል ሰበብ ከዚህ ግዴታ ሊያመልጡ አይገባም።

የእህቴ ልጅ ጥያቄ

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ለእረፍት እኛ ቤት ሰንብቶ ነበር። የሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ጨዋና ታታሪ ልጅ ነው። ሌሊት ሌሊት ግን ላፕቶፑ ላይ ተደፍቶ፣ አምስት ሆነው ከሌሎች አምስት ጋር የሚፋለሙበትን አንድ የኢንተርኔት ጨዋታ ይጫወታል። አንድ ቀን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ውኃ ልጠጣ ብነሳ ሳሎን ውስጥ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ምን ሆንክ?» ብለው፣ «ጋሼ፣ ይኼ ነገር ጠምዶ ይዞኛል» አለኝ።

ከዚያ የደብተሩን የመጨረሻ ገጽ ገልጦ አሳየኝ። እንደ ጥሩ ተማሪ ሁሉንም መዝግቧል። ሲያሸንፍ 14 ነጥብ ይጨመርለታል፤ ሲሸነፍ 24 ይቀነስበታል። የክፍል ጓደኛው ግን በተመሳሳይ «የወርቅ» ማዕረግ ላይ እያለ ሲያሸንፍ 22 ያገኛል፣ ሲሸነፍ 16 ያጣል። «ሁለታችንም ወርቅ ነን» አለኝ። «አንድ ዓይነት ማዕረግ ይዘን ለምንድን ነው የእኔ ድል ከእሱ ድል የሚያንሰው?»

የሠለጠንኩበት ሙያ የትምህርት ምዘና ነው። ስለዚህ ጥያቄው ከእንቅልፌ ይልቅ ሳበኝ። ቁጭ ብለን አሰላነው። በ14 እና በ24 ሒሳብ ባለበት ለመቆየት እንኳ ከ100 ጨዋታ 63 ያህሉን ማሸነፍ አለበት። ግማሹን ቢያሸንፍ፣ ማለትም ከተጋጣሚዎቹ ጋር ፍጹም እኩል ቢሆን፣ በ100 ጨዋታ 500 ነጥብ ይከስራል። ከዚያም እንዲህ ስል ገለጽኩለት፦ «የምታየው ማዕረግ እውነተኛው ነጥብህ አይደለም። ከጀርባ ሌላ ቁጥር አለ። ያ ቁጥር ከወርቅ በታች ነህ ብሎ ስለሚያምን፣ ማዕረግህን ቀስ በቀስ ወደ ራሱ እየጎተተው ነው። የጓደኛህን ግን ወደ ላይ እየጎተተ ነው።»

ጥቂት አሰበና፣ «እንግዲያው ትክክለኛው ቁጥር ሌላ ከሆነ ይኼን ወርቅ የሚሉትን ለምን ሰጡኝ?» አለኝ።

ውድ አንባቢያን፣ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ መምህር ነኝ፤ ለዚህ ጥያቄ በዚያች ሌሊት መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ የዘገየ መልሴ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ

በቀድሞው የአገራችን ሰንጠረዥ የተጫዋች ችሎታ የሚመዘነው በቁጥር አልነበረም፤ ዙሪያውን ከብቦ በሚመክርና በሚሟገት ተመልካች አፍ ነበር። ችሎታን በቁጥር የመመዘኑ ጥበብ የመጣው ከዘመናዊው ቼዝ ነው። የታወቀው ቀመር ባለቤትም በሃንጋሪ ተወልዶ በአሜሪካ የኖረው የፊዚክስ ፕሮፌሰር አርፓድ ኤሎ ነው። የአሜሪካ የቼዝ ፌዴሬሽን ቀመሩን እ.ኤ.አ. በ1960፣ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ፊዴ ደግሞ በ1970 ተቀበሉት።

የኤሎ ሐሳብ ቀላል ነው። ከጨዋታው በፊት የሁለቱ ተጫዋቾች የነጥብ ልዩነት ማን ምን ያህል ሊያሸንፍ እንደሚችል ይተነብያል። ከጨዋታው በኋላ ትንበያው ከውጤቱ ጋር ይነጻጸራል። ከተጠበቀው በላይ ያስመዘገበ ይጨመርለታል፤ ከተጠበቀው በታች ያስመዘገበ ይቀነስበታል። ለምሳሌ 1600 ነጥብ ያለው ተጫዋች 1400 ካለው ጋር ቢገጥም፣ በ100 ጨዋታ ወደ 76 ገደማ እንዲያስመዘግብ ይጠበቃል። ስለዚህ መቀያየሪያው መጠን 20 ቢሆን፣ ብርቱው ሲያሸንፍ የሚያገኘው 5 ነጥብ ያህል ብቻ ነው፤ ቢሸነፍ ግን 15 ያህል ያጣል። ልዩነቱ 400 ሲሆን ግምቱ 10 ለ1 ይደርሳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህን ሒሳብ ማንኛውም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ በወረቀትና በእርሳስ ሊያረጋግጠው ይችላል። የመቀያየሪያው መጠንም በፊዴ ደንብ ላይ በይፋ ሰፍሯል። ለጀማሪ 40፣ ከ2400 በታች ላለ ነባር ተጫዋች 20፣ አንድ ጊዜ 2400 ለደረሰ 10 ነው። የተሸነፈ ሰው ሊናደድ ይችላል፤ «ለምን ይህን ያህል ተቀነሰብኝ?» ብሎ ግን ሌሊት አይቀመጥም። መልሱ ደንቡ ላይ አለና።

ከኤሎ በኋላ ሳይንሱ አልቆመም። የስታቲስቲክስ ምሁሩ ማርክ ግሊክማን በ1990ዎቹ ግሊኮ የተባለውን ቀመር አወጣ። ግሊኮ ከነጥቡ ጋር ሌላ ቁጥር ይይዛል፤ እሱም ስለዚህ ሰው ያለን እውቀት ምን ያህል እርግጠኛ ነው የሚለው ነው። ብዙ የተጫወተ ሰው ነጥብ የረጋ ነው፤ ለወራት የጠፋ ሰው ነጥብ ግን እርግጠኝነቱ ይቀንሳል። ማይክሮሶፍት ደግሞ ለኤክስቦክስ ላይቭ ትሩስኪል የተባለውን ሥርዓት ሠራ። ይህ ሥርዓት ቡድን ከቡድን በሚገጥምበት ጨዋታ የእያንዳንዱን ግለሰብ ችሎታ ለመገመት ይሞክራል። አዲስ ተጫዋች በአማካይ 25 እና በ8.33 ጥርጣሬ ይጀምራል። የሚታየው ደረጃ ከአማካዩ ላይ የጥርጣሬው ሦስት እጥፍ ተቀንሶ ስለሚሰላ፣ ሁሉም ከዜሮ ይነሳል። ስሌቱም በጥናታዊ ጽሑፍ ታትሞ ለዓለም ቀርቧል።

እስከዚህ ድረስ እኔም እንደ ባለሙያ ቆቤን አነሳለሁ። ሰውን ከአቅሙ ጋር ከሚመጣጠን ሰው ጋር ማጋጠም መልካም ነገር ነው። ጀማሪን ከአንበሳ ጋር አስገብቶ ማስበላት ጨዋታ አይባልም። ጠቤ ከቀመሩ ጋር አይደለም፤ ከመጋረጃው ጋር ነው።

መጋረጃው እንዴት ወረደ?

ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ የተባለው ዝነኛ ጨዋታ በመጀመሪያዎቹ ሁለት የውድድር ወቅቶች የተጫዋቹን የኤሎ ቁጥር ያሳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ሦስተኛው ወቅት ሲጀመር ግን ቁጥሩ ከዓይን ተሰወረ። በቦታው ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅ፣ ፕላቲነምና አልማዝ የሚሉ ማዕረጎች ተተኩ። ቁጥሩ አልጠፋም፤ ከማን ጋር እንደምትጋጠም የሚወስነው አሁንም እሱ ነው። የጠፋው ከተጫዋቹ ዓይን ብቻ ነው። ስታርክራፍት 2 በ2010 ሲወጣ ጀምሮ የራሱን ቁጥር ደብቆ ነበር፤ የገለጠው ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2016 ነው። ኦቨርዋች በመጀመሪያ እትሙ ቁጥር ያሳይ ነበር። በ2022 ሁለተኛው እትም ሲመጣ ግን ተጫዋቹ ማዕረጉ ሲሻሻል የሚያየው 7 ጊዜ ካሸነፈ ወይም 20 ጊዜ ከተሸነፈ በኋላ ብቻ ሆነ። ቅሬታ ሲበዛ በ2024 መጀመሪያ ላይ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ለውጡንና የለውጡን ምክንያት ወደ ማሳየት ተመለሱ።

እንግዲህ በብዙዎቹ ጨዋታዎች አንድ ሰው ሁለት ነጥብ ይዞ ይኖራል ማለት ነው። አንዱ በስሙ አጠገብ የሚያብረቀርቀው ነው፤ ጌጥ ነው። ሌላው የሚወስነው ነው፤ ሚዛን ነው። ጌጡን ለተጫዋቹ ሰጡት፣ ሚዛኑን ለራሳቸው አስቀሩት። ለእህቴ ልጅ ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው፦ ወርቁ የተሰጠው ችሎታውን እንዲያውቅበት ሳይሆን እንዲያሳድደው ነው።

የተከላካዮቹ ክርክርና መልሴ

ፍትሐዊ ለመሆን የሌላውን ወገን ክርክር በሙሉ ኃይሉ ላቅርብ።

አንደኛ፣ «እርቃኑን የቆመ ቁጥር ተጫዋቹን ያስጨንቃል፤ ለስድብም ይዳርገዋል» ይላሉ። ጭንቀቱ እውነት ነው። ነገር ግን ቁጥሩን በነሐስና በአልማዝ መተካት ስድቡን አላጠፋውም። «ነሐስ» የሚለው ቃል ራሱ በተጫዋቾች አፍ ስድብ ሆኗል። ጭንቀቱም ቢሆን መጠኑን ከማወቅ ይልቅ ምክንያቱን ካለማወቅ የሚመጣው ይብሳል። የእህቴ ልጅ ሌሊቱን ያስቀመጠው ቁጥሩ ማነሱ አልነበረም፤ ለምን እንዳነሰ የሚነግረው አለመኖሩ ነው።

ሁለተኛ፣ «ቀመሩ ከታወቀ ብልጦች ይበዘብዙታል» ይላሉ። ይህ ቁም ነገር ያለው ክርክር ነው። በ2021 የታተመ አንድ ጥናት፣ የግሊኮ-2 ዓይነት ቀመር በሚሠራበት ቦታ ተጫዋቾች ሆን ብለው በመሸነፍ ነጥባቸውን «ተለዋዋጭ» ካደረጉ በኋላ፣ መልሰው ሲያሸንፉ ከነበሩበት በላይ ሊወጡ እንደሚችሉ አሳይቷል። ነገር ግን ይህ ቀዳዳ የተገኘው፣ የተተነተነውና መፍትሔ የቀረበለት ቀመሩ ክፍት ስለነበረ ነው። የተደበቀ ቀመር ቀዳዳ የለውም ያለው ማን ነው? ቀዳዳውን የሚያውቁት ጥቂቶች ይሆናሉ እንጂ። የሌላ ሰው ሒሳብ ተረክበው በገንዘብ ማዕረግ የሚያሳድጉ፣ ሁለተኛ ሒሳብ ከፍተው ጀማሪ የሚያድኑ ሰዎች የተፈለፈሉት መጋረጃው በወረደባቸው ጨዋታዎችም ውስጥ ነው።

ሦስተኛ፣ «እኛ መረጃው አለን፣ ምደባችን ለብዙኃኑ ይበጃል» ይላሉ። በዚህ ረገድ የኮል ኦፍ ዱቲ ባለቤት አክቲቪዥን በ2024 ያወጣውን ሰነድ መጥቀስ ይገባል። በሰነዱ መሠረት በምደባው ላይ የችሎታን ክብደት ቀንሰው ሲሞክሩት፣ እጅግ ብርቱ ከሆኑት ጥቂቶች በቀር አብዛኛው ተጫዋች ተመልሶ መምጣቱን ቀነሰ፤ ጨዋታ አቋርጦ መውጣቱም ጨመረ። እኔ ይህን ውጤት አምናለሁ፤ ከምዘና ሳይንስም ጋር ይስማማል። ነገር ግን ይህ ለችሎታ ምደባ የቀረበ ማስረጃ ነው፤ ለድብቅነት የቀረበ ማስረጃ አይደለም። ሁለቱን ነገሮች አደባልቆ ማቅረብ የተለመደ የክርክር ማምለጫ ነው። ሐኪሙ መድኃኒቱ እንደሚያድን ስላስረዳኝ የምዋጠውን ነገር ስም እንዳልጠይቅ አይከለክለኝም።

ዋናው ጥያቄ፦ ሚዛኑ የሚመዝነው ምንድን ነው?

እስካሁን የተናገርኩት ሚዛኑ ችሎታን ብቻ እንደሚመዝን በማሰብ ነው። ይህን ግን በምን እናውቃለን?

እ.ኤ.አ. በ2017 ከኤሌክትሮኒክ አርትስ ኩባንያና ከዩኒቨርሲቲዎች የተውጣጡ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አሳተሙ። ጥናቱ እንደሚለው እኩል የሆኑ ሰዎችን ማጋጠም ብቻውን የተጫዋቹን መቆየት ከፍ አያደርግም። ስለዚህ ምደባው ዓላማውን ቢለውጥና ተጫዋቹ ጨዋታውን ትቶ እንዳይሄድ የሚያደርገውን ተጋጣሚ ቢመርጥለትስ ብለው ይጠይቃሉ። ያለፉት ጥቂት ጨዋታዎች የድልና የሽንፈት ቅደም ተከተል ሰውየው ይቀር ወይም ይሄድ እንደሆነ ለመተንበይ እንደሚረዳም አሳይተዋል። በዚያው ዓመት አክቲቪዥን አንድ የፈጠራ መብት በአሜሪካ ተሰጠው። ሰነዱ ተጫዋቾችን በሚያጋጥም ሥርዓት አማካይነት የጨዋታ ውስጥ ዕቃ እንዲገዙ ስለመገፋፋት ይናገራል። ለምሳሌ ጀማሪውን አንድ የተለየ መሣሪያ ከያዘ ብርቱ ተጫዋች ጋር ማጋጠም፣ ጀማሪውም ያንን መሣሪያ እንዲመኝ ማድረግ።

እውነቱን መሸፋፈን አይገባምና ይህንም ልናገር፦ ኩባንያው ሐሳቡ በምርምር ደረጃ ያለ መሆኑንና በየትኛውም ጨዋታ ላይ አለመዋሉን ገልጿል። የ2017ቱም ጥናት ጥናት ነው፤ በየቤታችን ባለው ጨዋታ ላይ ይሠራል ማለት አይደለም። እኔ ማንንም በዚህ አልከስም። የእኔ ነጥብ ሌላ ነው። ነገ አንድ ኩባንያ ይህንኑ ቢያደርግ በምን እናውቃለን? ነጥቡ ስውር፣ ዓላማው ስውር፣ ምደባው ስውር በሆነበት፣ በቅን የሚዳኘው ኩባንያና የሚያጭበረብረው ኩባንያ ለተጫዋቹ ፍጹም አንድ ዓይነት ሆነው ይታያሉ። ቅኑን ከአጭበርባሪው መለየት የማይቻልበት ገበያ ደግሞ ለአጭበርባሪው የተመቸ ነው።

ድብቅነቱ የሚያመጣው ሌላም መዘዝ አለ፤ አጉል እምነትን ይወልዳል። በተጫዋቾች ዘንድ «የተሸናፊዎች ወረፋ» የሚባል ወሬ አለ። ሥርዓቱ አንተን ሆን ብሎ ከደካሞች ጋር መድቦ ያሸንፍሃል የሚል ነው። ማስረጃቸው ብዙ ጊዜ «የማሸነፍ መጠኔ ሁልጊዜ 50 በመቶ ላይ ይቆማል» የሚል ነው። እንደ ሙያዬ ልመስክር፦ ይህ ሴራን አያሳይም። ምደባው በትክክል ከሠራና ሁልጊዜ ከእኩያህ ጋር ካጋጠመህ፣ ከግማሽ በላይ ልታሸንፍ አትችልም። ሃምሳ በመቶው የሚዛኑ ትክክለኛነት ምልክት ነው። ግን ይህን ለእህቴ ልጅ ሳስረዳው፣ «ጋሼ፣ አንተ ይህን የምትለው አይተኸው ነው ወይስ አምነኸው?» አለኝ። አላየሁትም። ሁለታችንም፣ እሱ በጥርጣሬው እኔ በሳይንሴ፣ ከአንድ የተዘጋ በር ፊት ቆመን የምንሟገት ሰዎች ነበርን። ሚዛኑ በተደበቀበት ቦታ ምሁሩም ሐሜተኛውም እኩል ናቸው።

የራሴ ጥፋት

ለሌላው ከመፍረዴ በፊት ስለ ራሴ ልናዘዝ። በማስተማር ሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት ውጤት የምሰጠው ከክፍሉ አንጻር እያነጻጸርኩ ነበር፤ ወሰኑን ግን ለማንም አልናገርም ነበር። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ ቢሮዬ መጥታ፣ «መምህር፣ 71 አምጥቼ እንዴት ሲ ሆነብኝ?» አለችኝ። «ከክፍሉ አንጻር ነው» አልኳት። «ወሰኑ ስንት ነው?» ብላ ስትጠይቅ ግን ተቆጣሁ። ሥልጣኔን የነካች መስሎ ተሰማኝ። ልጅቷ ሳትጨቃጨቅ ወጣች። ውጤት ጨምርልኝ አላለችም፤ ደንቡን ንገረኝ ነበር ያለችው።

ነገሩ ለወራት ሲቆረቁረኝ ከረመ። በቀጣዩ ሴሚስተር ወሰኖቹን፣ የክፍሉን የውጤት ሥርጭትና የእያንዳንዱን ፈተና ክብደት በር ላይ ለጠፍኩ። የታረመውንም ወረቀት መለስኩ። የመጀመሪያው ሳምንት መከራ ነበር፤ ወረፋው ከቢሮዬ እስከ ደረጃው ደረሰ። ከቅሬታዎቹ አብዛኞቹ መሠረት አልነበራቸውም። ሁለቱ ግን እውነት ነበሩ፤ ነጥብ ስደምር ተሳስቻለሁ። ባልለጥፍ ኖሮ እነዚያ ሁለት ልጆች ስህተቴን እንደ ዕጣ ፈንታቸው ተቀብለው ይኖሩ ነበር። እኔም ፍጹም ፍትሐዊ ሰው ነኝ ብዬ አስብ ነበር። ከዚያ ወዲህ «ግልጽነት ለተመዛኙ የሚደረግ ችሮታ ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ አልስማማም። መዛኙም ራሱን የሚያርምበት ብቸኛ መንገድ ነው።

ጉዳዩ ለምን ፖለቲካ ነው?

የእኛ ትውልድ ስውር ምዘናን ከመጻሕፍት አልተማረውም። በግል ማኅደር ውስጥ ማን እንደጻፈው የማይታወቅ አንዲት መስመር የሰው እድገት ስታስቀር አይተናል። በግምገማ ስብሰባ ላይ ሰው ፊት ለፊት ከተባለው ይልቅ በጓዳ የተባለው ሲወስንበት አይተናል። ያኔ ቢያንስ ሚዛኑን የያዘ ሰው ነበር፤ ስም ነበረው፤ ልታማው፣ ልትለምነው ወይም ልትከሰው ትችል ነበር። አሁን የመጣው ሚዛን ግን ስም የለውም። «ሥርዓቱ ነው» ይሉሃል። የሚያሰጋኝም ይህ ነው። ልጆቻችን በአሥራ አምስት ዓመታቸው ከጨዋታው የሚማሩት መተኮስ ብቻ አይደለም። የማይታይ ዳኛ እንደሚመዝናቸው፣ ምክንያቱን መጠየቅ ሞኝነት እንደሆነ፣ ያለው አማራጭ አንድ ጨዋታ መጨመር ብቻ መሆኑን ጭምር ይማራሉ። በዚህ የሠለጠነ ወጣት ነገ የባንክ ብድር ሲከለከል ወይም የሥራ ማመልከቻው በኮምፒውተር ተጣርቶ ሲወድቅ፣ «ለምን?» ብሎ ይጠይቃል ብላችሁ ታስባላችሁን?

ዓለም ይህን ጥያቄ መጠየቅ ጀምሯል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2023 (እ.ኤ.አ.) የጀርመኑን ሹፋ በሚመለከት ጉዳይ ላይ ትልቅ ውሳኔ ሰጠ። ሌላው ወገን በጽኑ የሚመረኮዝበት የብድር ነጥብ ማውጣት ራሱ እንደ አውቶማቲክ ውሳኔ ሊቆጠር እንደሚችል ወሰነ። በየካቲት 2025 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት በኦስትሪያ ጉዳይ ላይ፣ ሰው በእንዲህ ያለ ሥርዓት የተወሰነበት እንዴት እንደሆነ በሚገባ ቋንቋ የማወቅ መብት እንዳለው አረጋገጠ። የንግድ ምስጢር ብሎ ጥያቄውን በጅምላ መዝጋት አይቻልም ማለት ነው። በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰው ስለ ራሱ የተያዘን መረጃ የማወቅ መብቱን እውቅና ሰጥቷል። የጨዋታ ነጥብ ከብድር ነጥብ ጋር አንድ ነው አልልም። አንዱ ቤት ያሳጣል፤ ሌላው እንቅልፍ። ግን ሁለቱም ስለ አንድ የተወሰነ ሰው የተሰበሰበ መረጃ ናቸው፤ በዚያ ሰው ላይም ይወስናሉ። መርሁ በትንሹ ካልተከበረ በትልቁ የሚከበርበት ምክንያት አይታየኝም።

ምን ይደረግ?

ጥያቄዬ ሦስት ነው።

አንደኛ፣ ነጥቡ ከነእርግጠኝነት መጠኑ ለባለቤቱ ይታይ። ለዓለም ሁሉ ይለጠፍ አላልኩም፤ ባለቤቱ ይየው። ሌላው እንዳያይበት መደበቅ የራሱ የባለቤቱ ምርጫ ይሁን።

ሁለተኛ፣ ምደባው ለምን ዓላማ እንደሚሠራ በጽሑፍ ይገለጽ። ችሎታን ለማመጣጠን? ወረፋን ለማሳጠር? የኢንተርኔት መዘግየትን ለመቀነስ? ወይስ ተጫዋቹን አስሮ ለማቆየት? እያንዳንዱ ክብደቱ ምን ያህል እንደሆነ ይነገር።

ሦስተኛ፣ ኩባንያው የተናገረውንና የሚሠራውን የሚያመሳክር ገለልተኛ ዓይን ይኑር። የመራጩ ድምፅ ሲቆጠር ታዛቢ እንደሚያስፈልግ ሁሉ።

«አይቻልም» የሚለኝ ካለ የተቻለበትን ላሳየው። ሊቼስ የተባለው ነጻ የቼዝ ድረ ገጽ የሚሠራው በግሊኮ-2 ነው። የእያንዳንዱን ተጫዋች ነጥብ ያሳያል፤ የፕሮግራሙንም ኮድ ከነሙሉ ዝርዝሩ ለሕዝብ ክፍት አድርጓል። ዶታ 2 በ2013 ነጥቡን ለተጫዋቹ ገለጠ፤ በ2023 ወደ ግሊኮ ሲዛወርም ሥርዓቱ ስለ ነጥቡ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ ማሳየት ጀመረ። ካውንተር-ስትራይክ 2 በዚያው በ2023 በዋናው የውድድር ዘርፉ ላይ ቁጥሩን በግልጽ አስቀመጠ። ከእነዚህ አንዱም በግልጽነት ምክንያት አልተዘጋም።

የእህቴ ልጅ መስከረም ሲጠባ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። ሲሄድ ደብተሩን ረስቶ ነው ወይስ ትቶልኝ፣ ጠረጴዛዬ ላይ አገኘሁት። የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ከ14ቱና ከ24ቱ ዓምድ በታች፣ በእርሳስ ትልቅ የጥያቄ ምልክት አድርጓል። ደብተሩን ገና አልላክሁለትም። አንድ መምህር ተማሪውን እንዲጠይቅ ካስተማረ በኋላ ዝም የሚል ሥርዓት እጅ ላይ ሊጥለው አይገባም ብዬ ስለማምን ይህን ጻፍኩ። ጭብጦ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦ ናት።

ሐሳባችሁን፣ በተለይም የምትቃወሙትን፣ ጻፉልኝ። ቸር ይግጠመን።